ተማሪ የወደቀ የወፍ ጫጩት ይዞ ሲመጣ



በማስተማር ሥነ ዘዴ ክፍለ ጊዜ ስለ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ብዙ እንማራለን። ዳሩ ግን በየትኛውም ዕቅድ ላይ ያልሰፈረ፣ ሆኖም የአንደኛ ደረጃ መምህር የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠራው የሚመጣበት ጉዳይ አለ። ይኸውም ከዕረፍት መልስ አንድ ተማሪ ሁለት መዳፉን ገጥሞ፣ ጓደኞቹን በሙሉ አስከትሎ፣ «ጋሼ! ጋሼ! ወፍ ከዛፍ ወድቃ አገኘን!» እያለ ወደ ክፍል መግባቱ ነው።

በዚያች ደቂቃ መምህሩ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። «በል ጣለውና ተቀመጥ» ቢል ጫጩቱ ይሞታል፤ ልጁም ሁለተኛ ምንም ነገር ይዞ አይመጣም። «ጎበዝ፤ ካርቶን ውስጥ አድርገን ወተት እየሰጠን እናሳድገው» ቢልም ጫጩቱ ይሞታል፤ ልዩነቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ልጆቹ ስም ካወጡለት በኋላ መሞቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳነብና ስጠይቅ ቆይቼ ያገኘሁትን ለማካፈል ነው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ከጎጆው የወደቀ ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ አልባ አይደለም። ወላጆቹ እዚያው አካባቢ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከቅርንጫፍ ላይ ሆነው እኛን እያዩ ይንጫጫሉ። ስለሆነም የኛ ሥራ ማሳደግ ሳይሆን መመለስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከተነሣበት ቦታ መልሶ አስቀምጦ ዞር ማለት ብቻ ይበቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ላባውን መመልከት

ወፎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው አይፈለፈሉም። የዶሮን ጫጩት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእንቁላል በወጣ ቀን ዓይኑ በርቷል፤ ገላውን ለስላሳ ጭገር ሸፍኖታል፤ እናቱን ተከትሎ ይሮጣል፤ መሬቱንም ራሱ ይጭራል። ቆቅና ጅግራም፣ ዳክዬም እንደዚሁ ናቸው። የድንቢጥ፣ የእርግብ፣ የዋኖስ፣ እንዲሁም ጎጆዋን እንደ ከረጢት ሸምና ከቅርንጫፍ ላይ የምታንጠለጥለው የዚያች የቢጫዋ ወፍ ጫጩት ግን ዓይኑ እንደ ተጨፈነ፣ ራቁቱን ወይም በጥቂት ጭገር ብቻ ተሸፍኖ፣ አንገቱን ቀና ማድረግ እንኳ እያቃተው ነው የሚፈለፈለው።

ይህ ራቁት ጫጩት የራሱን ገላ ማሞቅ አይችልም። የሚያሞቀው የወላጁ ገላ ነው። የወፍ ገላ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ፣ ለኛ ከባድ ትኩሳት የሚባለው ለወፍ ጤንነት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ጫጩት በጧት ብርድ እርጥብ ሣር ላይ ቢወድቅ ከረሃቡ በፊት ብርዱ እንደሚገድለው መገመት አያዳግትም።

ብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች እንቁላላቸውን 2 ሳምንት ገደማ ያቅፋሉ፤ ጫጩቶቹም ጎጆ ውስጥ 2 ወይም 3 ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ሰውን የሚያሳስተው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው። ጫጩቱ ገና በደንብ መብረር ሳይችል ጎጆውን ለቆ ይወጣል። ላባ ለብሷል፤ ሆኖም ጅራቱ አጭር ነው፤ በአፉ ዳርና ዳር ቢጫ ጠርዝ ይታያል፤ በራሱና በአንገቱ ላይ እዚህና እዚያ ጭገር ቀርቶበታል። መሬት ላይ እየዘለለ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ እየገባ፣ ሲችልም አጭር በረራ እየሞከረ ጥቂት ቀናት ያሳልፋል። መኪና ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ እንደሚነዳ ሰው ስለሆነ እኔ ለማጅ ብዬ እጠራዋለሁ። (እኛስ በልምምድ ትምህርት ቤት ሳለን ከዚህ በምን እንለያለን?)

ለማጁ ከጎጆ የወጣው ተሳስቶ አይደለም። ጎጆ እኮ አደገኛ ቦታ ነው። እባብ ወይም አይጥ አንዴ ካገኘው ሁሉንም ጫጩት በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። የበረሩትም ሆነ የዘለሉት ልጆች በየቁጥቋጦው ከተበተኑ ግን አንዱ ቢበላ ሌላው ይተርፋል። ወላጆቹም የእያንዳንዱን ድምፅ እየተከተሉ፣ ያለበት ድረስ እየሄዱ ይመግቡታል። ይህ መመገብ ጫጩቱ ጎጆ ከለቀቀ በኋላም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

እንግዲህ ተማሪው ያመጣው ላባ የለበሰ፣ በእግሩ የሚቆም፣ ጣት ሲሰጡት ጨብጦ የሚይዝ ለማጅ ከሆነ ለመምህሩ ሥራው ቀላል ነው። ልጁን «የት ነው ያገኘኸው? ምራኝ» ማለት ነው። ከዚያ ጫጩቱን ባገኙበት ቦታ፣ ወይም ቦታው መንገድ ወይም የኳስ ሜዳ ከሆነ በጥቂት እርምጃ ርቀት ባለ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጦ፣ ልጆቹን ይዞ መመለስ ነው። ድመት በአካባቢው ካለች ጫጩቱን ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ማስቀመጡ ይሻላል። ወደ ጎጆው መልሶ መክተት ግን አያስፈልግም። መልሶ ይዘላል፤ ይባስ ብሎም ገና ያልደረሱትን ወንድሞቹን አስደንግጦ አብረውት እንዲዘሉ ያደርጋል። በእኔ ግምት ተማሪዎች «ወድቆ አገኘነው» ብለው የሚያመጡት ብዙው ይኸው ለማጅ ነው፤ ምክንያቱም ራቁቱ ጫጩት ሣር ውስጥ ዝም ብሎ ስለሚተኛ በቀላሉ አይታይም፤ ለማጁ ግን እየዘለለ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እጅ የነካው ጫጩት

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። «ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም፤ ስለዚህ አንዴ ከተነሣ አበቃለት» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ማደሪያ ክፍል ውስጥ ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ጊዜ ከሰባታችን አምስታችን በዚህ አምነን እንዳደግን ተነጋግረናል። አባባሉ ልጆችን ከጎጆ ለማራቅ ጠቅሞ ይሆናል፤ ይህን አልክድም። እውነት ግን አይደለም።

ወፎች ጭራሽ አያሸቱም ማለቴ አይደለም፤ በሽታ ምግባቸውን የሚያገኙ ወፎች አሉ። ነገር ግን ወላጅ ወፍ ልጇን የምትፈልገው ጎጆው ባለበት ቦታና በልጇ ጩኸት ነው፤ የሰው እጅ ሽታ ልጇን አያስጥላትም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። በብዙ አገሮች የወፍ ተመራማሪዎች ጫጩቶችን ከጎጆ በእጃቸው ያወጣሉ፣ በሚዛን ይመዝናሉ፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት ያስሩና ይመልሷቸዋል። ወላጆቹም ማብላታቸውን ይቀጥላሉ። እጅ የነካው ሁሉ የሚጣል ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ባልተሠራ ነበር።

ታዲያ እምነቱ ከየት መጣ? ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። ልጆች ጫጩቱን ጎጆ ውስጥ መልሰው ሲያበቁ እናቱ ስትመጣ ለማየት ዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ። እናትየው ደግሞ ሰው ዛፉ ሥር ቆሞ እያለ ወደ ጎጆዋ አትመጣም፤ ጎጆዋን ለጠላት ማሳየት ይሆንባታል። ልጆቹ አንድ ሰዓት ቆመው ይጠብቁና «አየህ፤ ስለነካነው ጠላችው» ብለው ይሄዳሉ። የከለከላት ግን ሽታቸው ሳይሆን መቆማቸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ጎጆዋን ገና በመሥራት ላይ ያለች፣ ወይም እንቁላል መጣል የጀመረች ወፍ ሰው ደጋግሞ ከረበሻት ጎጆውን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ግን በቀላሉ አትተዋቸውም፤ ብዙ ደክማባቸዋለችና። ስለዚህ «መንካት አይጎዳም» ብለን ልጆችን ጎጆ ለጎጆ እንዲዞሩ ማሰማራት ፈጽሞ አይገባም። የምንነካው የወደቀውን ብቻ ነው።

ራቁቱን ጫጩት ስለመመለስ

የመጀመሪያው ተግባር ማሞቅ ነው። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ጎጆው ይሮጣል፤ ነገር ግን የበረደው ጫጩት አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን መክፈት አይችልም፤ አፉን ያልከፈተ ደግሞ አይጎርስም። ወላጅ ወፍ የምታበላው የተከፈተውን አፍ አይታ ነው። የጫጩት አፍ ውስጡ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ደምቆ መታየቱ ለዚሁ ነው፤ «እዚህ ጋ አስገቢ» የሚል ምልክት ነው ማለት ይቻላል። ኒኮ ቲንበርገን የተባለው ሆላንዳዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ይህንኑ የጫጩቶች አፍ መክፈት በዝርዝር አጥንቷል። ዓይናቸው ያልበራ ጫጩቶች ጎጆው ትንሽ ሲነቃነቅ እናታቸው የመጣች መስሏቸው ወደ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዓይናቸው ከበራ በኋላ ግን ወደ ወላጃቸው ራስ አነጣጥረው ይከፍታሉ። (ቲንበርገን ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።)

ስለሆነም ጫጩቱን በሁለት መዳፍ መካከል ይዞ፣ ሳይጨብጡና ሳይጫኑ፣ ገላው ለብ እስኪልና መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ማሞቅ ያሻል። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ራቁት ቆዳ ነው፤ ይቃጠላል። ይህ በእንዲህ እንዳለ ሌሎቹ ተማሪዎች ጎጆውን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ጎጆው ጫጩቱ ከወደቀበት ልክ ወደ ላይ ነው፤ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በክዳን ሣር ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በግድግዳ መካከል ባለ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ድንቢጥ በተለይ የትምህርት ቤት ጣሪያ ትወዳለች።

ጎጆው ከተገኘና መሰላል ደርሶ አደጋ የሌለው ከሆነ ጫጩቱን ከወንድሞቹ መካከል አስገብቶ ቶሎ መውረድ ነው። የሚወጣው ደግሞ መምህሩ ወይም የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይሁን እንጂ ተማሪ አይሁን። ለአንድ ጫጩት ሲባል የልጅ ክንድ ቢሰበር ለወላጅ የምንሰጠው መልስ የለንም።

ጎጆው የማይደረስበት ከሆነ ወይም ከናካቴው ፈርሶ ከሆነስ? ምትክ መሥራት ነው። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን በጣም የሚሠራ ዘዴ ነው። ትንሽ ቅርጫት ወይም ግማሽ ቅል ይበቃል። ቅል ከሆነ የዝናብ ውኃ እንዳይቋጥር ታችውን በምስማር ሦስት አራት ቦታ መብሳት ያስፈልጋል። ውስጡን በደረቅ ሣር ማንጠፍ፤ ጫጩቱ ዝርግ ላይ ከተቀመጠ እግሩ ወደ ጎንና ጎን ስለሚከፈት፣ መካከሉን እንደ ሳሕን ጎድጎድ ማድረግ ያሻል። ጥጥ አይሁን፤ ጥፍሩ ይጠላለፍበታል። የቆርቆሮ ጣሳም አይሁን፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ቅርጫቱን በሲባጎ አጥብቆ በዚያው ዛፍ ላይ፣ በተቻለ መጠን ለድሮው ጎጆ ቅርብ በሆነ፣ ጥላ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ማሰር ነው። ወላጆቹ ጩኸቱን ተከትለው መጥተው በአዲሱ ቤት ውስጥ ያበሉታል። ሌላ ዛፍ ላይ፣ ለምሳሌ ክፍል አጠገብ እንዲሆንልን ብለን ርቆ ቢሰቀል ግን ላያገኙት ይችላሉ።

ከዚህ ላይ የቢጫዋን ወፍ ጎጆ ለብቻው ላንሣው። በማሠልጠኛችን ግቢ ከውኃ ቧንቧው ወዲያ ባለው ግራር ላይ የተንጠለጠሉትን ጎጆዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ጎጆውን የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ውስጡን በለስላሳ ሣርና በላባ ታነጥፋለች። መግቢያው ወደ ታች ስለሆነ ጫጩትን በእጅ መልሶ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ጫጩቱ ብቻውን ሳይሆን ጎጆው እንዳለ ከነቅርንጫፉ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ሌሊት ነፋስ ነፍሶ አንድ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሆነው ይኸው ነበር። ጎጆው መሬት ላይ ወድቆ ውስጡ ሁለት ጫጩቶች በሕይወት ተገኙ። ከክፍላችን አራት ሆነን ቅርንጫፉን ራሱን በሲባጎ ከጤናማው ቅርንጫፍ ጋር አሰርነው፤ የጎጆው አፍ ልክ እንደ ጎረቤቶቹ ወደ ታች እንዲሆን አስተካከልነው። ይህን ስንጨርስ ከጧቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነበር። ከዚያ ወደ መጻሕፍት ቤቱ በረንዳ ሄደን ተቀመጥን። ሴቲቱ መጀመሪያ በላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላለሰች፤ ጎጆው ላይ ተንጠለጠለችና ሳትገባ ተመለሰች፤ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አረንጓዴ ትል በአፏ ይዛ ገባች። ሁለቱም ጫጩቶች ሲንጫጩ ከበረንዳው ድረስ ተሰማ።

መጠበቅን በተመለከተ እንግዲህ ልኩ ይህ ነው። ቢያንስ 30 እርምጃ ያህል ርቆ፣ ተቀምጦ፣ ሳይንጫጩ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት መመልከት ያስፈልጋል። ዓይንን ከጎጆው ላይ ማንሣት የለም፤ አንዳንዷ ወፍ ገብታ ለመውጣት አሥር ሴኮንድ አይፈጅባትም፤ ያኔ ሌላ ቦታ ያየ ሰው «አልመጣችም» ብሎ ይፈርዳል።

የማይሰጥ ምግብ

ልጆች ርኅሩኅ ስለሆኑ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ማብላት ነው። እንጀራ አኝከው ይሰጣሉ፤ ወተት ያንጠባጥባሉ፤ ውኃ በጣታቸው ያጠጣሉ። ሦስቱም ይጎዳል። ወፍ አጥቢ እንስሳ ስላልሆነ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሆዱ አይፈጨውም፤ ያስቀምጠዋል። ውኃው ከዚህ የባሰ ነው። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው ከምላሱ ሥር ስለሆነ አፉ ውስጥ ያንጠባጠብነው ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ጫጩት የሚያስፈልገውን ውኃ የሚያገኘው ከምግቡ ነው።

ምግቡስ ምንድን ነው? እህል ለቃሚ የሆኑት እነ ድንቢጥና ቢጫዋ ወፍ እንኳ ለልጆቻቸው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመጡት አባጨጓሬ፣ ፌንጣና ሌላም ነፍሳት ነው። ብዙ ወፎች የመራቢያ ጊዜያቸውን ከዝናብ ጋር የሚያያይዙትም ነፍሳት የሚበዙት ያኔ ስለሆነ ነው። እርግብና ዋኖስ ደግሞ የተለዩ ናቸው። እናትም አባትም በጉሮሯቸው ሥር ካለው ከረጢት እርጎ የመሰለ ምግብ ያወጣሉ፤ ጫጩቱም አፉን ከፍቶ አይጠብቅም፤ ምንቃሩን በወላጁ አፍ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚመገበው። ይህን ሁሉ ከንጋት እስከ ምሽት በየጥቂት ደቂቃው መተካት የሚችል መምህር ካለ እሱ ማስተማሩን ትቷል ማለት ነው።

ደግሞም ሰው ያሳደገው ወፍ ማንነቱን ሊስት ይችላል። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ እንደተፈለፈሉ እርሱን ያዩ የዝይ ጫጩቶች እንደ እናታቸው ቆጥረው ሲከተሉት መኖራቸውን በጥናቱ አሳይቷል። ምን እንደሚበላ፣ ከማን እንደሚሸሽ፣ የራሱን ወገን ድምፅ ከወላጆቹ ያልተማረ ወፍ ተለቀቀ ቢባል እንኳ የትም አይደርስም።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ወላጅ ካልመጣ ግን ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጆቹን ይበልጥ ማራቅና አንድ ጊዜ እንደገና መሞከር። ካልሆነም በዚያው ዛፍ ወይም በዚያው ጣሪያ ላይ በዓይነትም በዕድሜም አንድ ዓይነት የሆኑ ጫጩቶች ያሉበት ሌላ ጎጆ ካለ እዚያ ማስጠጋት ይቻላል፤ ብዙ ትናንሽ ወፎች የሰው ልጅ ቢጨመርባቸው ቆጥረው አይመልሱም። በመሸ ጊዜ የተገኘ ራቁት ጫጩት ደግሞ በካርቶን ውስጥ በጨርቅ ተከቦ፣ ጨለማና ሞቃት ቦታ አድሮ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ይመለስ። ወላጆቹ ማታ አይፈልጉትም፤ ጧት ግን ይፈልጉታል።

ደግሞ ቢወድቅስ

እዚህ ላይ ለልጆች የማንዋሽበት ጉዳይ አለ። ሁሉም ጫጩት አይድንም። ጎጆ ውስጥ ቀድመው የተፈለፈሉት ጠንክረው፣ የመጨረሻው ደክሞ ከምግቡ ሊገፋ ይችላል። ከዚህ ሌላ ኩኩ የሚባሉት ወፎች አሉ። እነዚህ ጎጆ ሳይሠሩ እንቁላላቸውን ለሌላ ወፍ፣ ለምሳሌ ለቢጫዋ ወፍ ጥለውላት ይሄዳሉ። ከነዚህ መካከል የአንዳንዶቹ ጫጩት ገና ዓይኑ ሳይበራ የባለቤቲቱን እንቁላልና ልጆች በጀርባው እየገፋ ከጎጆው ይጥላል። አሳዳጊቱም ምንም ሳታውቅ እርሱን ስታበላ ትኖራለች። እንግዲህ አንድ ጫጩት ከአንድ ጎጆ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢወድቅ ምክንያቱ ከኛ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ተማሪው «ለምን ትጥለዋለች?» ብሎ ቢጠይቅ «ክፉ ስለሆነች ነው» ብሎ መመለስ የመምህር መልስ አይደለም።

ክንፉ ተሰብሮ የሚንጠለጠል፣ የሚደማ፣ ወይም ድመት ነክሳው የመጣ ጫጩት ካለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአቅራቢያው እንዳለ መጠየቅ ነው፤ ከሌለ ጸጥ ባለ ጨለማ ካርቶን ውስጥ ማሳረፍ እንጂ በልጆች ፊት መነካካት አይገባም። የቆቅና የጅግራ ጫጩት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አለማንሣት ነው፤ እናቱ ሣር ውስጥ ተደብቃ እየጠራችው ነው። የጉጉት ጫጩት ጉዳይ ለብቻው ያሳዝናል። ገና መብረር ሳይችል ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የሚንጠላጠል ጭገራም ፍጥረት ስለሆነ በቀላሉ ይታያል፤ «ሟርተኛ ናት» እየተባለም በድንጋይ ይወገራል። አይጥ ለሚያስቸግረው ገበሬ ከጉጉት የሚሻል ጎረቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም ጥፍሯ ስለታም ነው፤ ጎጆዋ ዘንድ መውጣት አይገባም።

በክፍል ውስጥ

ጫጩቱ ከተመለሰ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሏት ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ግን ልጆቹ በዓይናቸው ያዩት አንዷ ወፍ ከቁጥሩ ይበልጥባቸዋል። ሦስት ሦስት ሆነው በተራ ከሩቅ እንዲጠብቁ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ወፏ ስንት ጊዜ እንደመጣች ይቆጥራል፣ አንዱ በአፏ ምን እንደያዘች ይመለከታል። በአንድ ሰዓት 8 ጊዜ ብትመላለስ በ11 ሰዓት የብርሃን ጊዜ ስንት ይሆናል? 88። በሁለት ሳምንትስ? የማባዛት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

በቆላ የተመደባችሁ እንደሆነ ግን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፤ ወፍ እኮ ማሽላችንን ነው የሚጨርሰው፤ ለምን እናድነዋለን?» እንደሚላችሁ ተዘጋጁ። ይህ ልጅ ትምህርት ቀርቶበት ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያጮህ የዋለ ልጅ ነው። የግሪሳ መንጋ በአንድ ማሳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚተው ከኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። «ወፍ ሁሉ ጠቃሚ ነው» ብለን ብንመልስለት በሌላው ትምህርታችንም አያምነንም። እውነቱን መንገር ይሻላል። እህል የሚበላ ወፍ አለ፤ ማሳን መጠበቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ወፍ ልጆቹን በሚያሳድግበት ጊዜ ከማሳው ዳር አባጨጓሬና ፌንጣ ሲለቅም ይውላል። ጎጆ ማፍረስና የለማጅን እግር በክር አስሮ መጫወት ግን ማሳ መጠበቅ አይደለም። ክርክሩን ለልጆቹ ለቅቆ ማዳመጥም መልካም ነው፤ ያ ማማ ላይ የዋለው ልጅ ስለ ወፍ ጠባይ የሚናገረው ከመጽሐፋችን ሊበልጥ ይችላል።

በመጨረሻም የንጽሕና ነገር። ከአንድ በላይ የሞቱ ወፎች በአንድ ቦታ ከተገኙ፣ ወይም በመንደሩ ፈንግል ገብቶ ዶሮ እያለቀ ከሆነ ማንም ምንም እንዳይነካ መከልከልና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። በደኅናውም ቀን ቢሆን ጫጩቱን የያዘው ልጅ፣ ቅርጫቱን ያሰረው መምህርና «እስቲ እኔም ልንካው» ያሉት ሁሉ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድና በውኃ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ የክፍለ ጊዜው ደወል ተደውሎ ይሆናል፤ የዕለቱን ትምህርት ለነገ ማስተላለፍና በዕቅድ ደብተሩ ላይ ምክንያቱን መጻፍ ነው።